ውሃውንም ገዝተውት ነው?

የዛሬው ረዘም ስለሚል ሻይም ቡናም ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ፎቶ ነው። በግማሽ ዓመቱ ፈተና ሰሞን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከባሏና ከልጇ ጋር ማልዲቭስ ሄዳ የተነሳችውን ፎቶ ፖስት አድርጋ አየሁ። ዱባይ ለፍታ ሠርታ ያገኘችው ነውና ደስ አለኝ፤ ላይክም አደረግሁ። ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባ፣ ውሃው ላይ በእንጨት የቆመ ጎጆ። ደሴቷ ላይ ከሪዞርቱ በቀር ሌላ ነገር የለም። ከፎቶው ሥር «ከሰው ሁሉ ርቀን» ብላ ጽፋለች።

ሦስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ በትከሻዬ በኩል ስታይ ቆይታ፣ «አባ፣ እኛ ጋም እኮ ሐይቅ አለ። ዘንባባም አለ። ለምን እዚያ ሄደን አናድርም?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አፋምቦ ማስተማር ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ክፍል ገብቼ «አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የሚያልቅ ወንዝ ነው» እያልኩ አስተምራለሁ። ገመሪን፣ አፋምቦን፣ አቤን ሰሌዳ ላይ በተራ እስላለሁ። የራሴን ልጆች ግን አንድ ቀን ወስጄ ውሃውን አሳይቻቸው አላውቅም። ዊልፍሬድ ቴሲገር የሚባለው አዲስ አበባ የተወለደ እንግሊዛዊ «ይህ ወንዝ የት ነው የሚያልቀው?» ብሎ በግመል ተከትሎት፣ እ.ኤ.አ. በ1934 እስከ አቤ ደርሷል። እኔ ሐይቁ አጠገብ ቁጭ ብዬ የሰው አገር ደሴት ላይክ አደርጋለሁ።

ሪዞርት የሚባል ነገር አላውቅም ማለቴ አይደለም። አምና ክረምት ባለቤቴ ዕቁብ ደርሷት «ልጆቹን አንድ ጊዜ እንኳ እናዝናናቸው» ብላ፣ በስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች በአንዱ ዳር ያለ ሪዞርት አንድ ሌሊት አድረናል። ስሙን አልጠራም፤ ነገሬ ከእነሱ ጋር አይደለም። አልጋው ንጹሕ ነበር፣ ሠራተኞቹም ትሑት ነበሩ። ጠዋት ቁርስ ላይ ሆነን አንድ ልጅ፣ የእኔን ተማሪዎች የሚያክል፣ በደንገል ታንኳ ዓሣ ለማጥመድ ወደ ዳር ቀረብ አለ። ጥበቃው ሮጦ ወርዶ በዱላው እያመለከተ «ሂድ! ሂድ ከዚህ!» አለው። ልጁም ምንም ሳይመልስ ቀዘፈና ሄደ፤ የለመደው ይመስላል።

ትንሹ ልጄ፣ ያኔ አምስት ዓመቱ ነው፣ እንቁላሉን እየበላ «አባ፣ ውሃውንም ገዝተውት ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ውሃ አይገዛም» አልኩት። «ታዲያ ለምን አባረረው?» አለኝ። ዝም አልኩ። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ስለዚህ የልጄን ሐሳብ ተቀበልኩ። ፈተናው አልቆ ጥር ላይ ዕረፍት ስንወጣ፣ ቤተሰቦቹ ሐይቁ አካባቢ የሚኖሩ አንድ የሥራ ባልደረባዬን «ሦስት ሌሊት እናንተ ጋ ብናድርስ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ዘጠኝ ዓመት ስጠራህ አልነበር እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው።

ሳላሳምር ልንገራችሁ። መንገድ ላይ የደርጊ ሃራ እሾህ የሞተሩን ጎማ ሁለቴ በሳው። ለማታውቁት፣ ደርጊ ሃራ አፋሮች ፕሮሶፒስን የሚጠሩበት ስም ነው፤ «የደርግ ዛፍ» ማለት ነው። በረሃ ያለማል ተብሎ መጣ፣ ግጦሹን ወረሰው። ውሃው ዳር ስንደርስ ልጆቹ ልብሳቸውን ሊያወልቁ ሲሉ ባልደረባዬ ጮኸ፤ አዞ አለ። ስለዚህ ዋና የለም። ባለቤቴ ደግሞ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሽንት ቤቱ በየት ነው?» ብላ ነው። አልነበረም። ማታ ማታ ባትሪ ይዘን ከደቦይታው ራቅ እንል ነበር። የወባ ትንኝ አለ፤ አጎበር ይዘን ባንሄድ ኖሮ የዕረፍቱ ማስታወሻ ወባ ይሆን ነበር። ጥር ስለሆነ ሙቀቱ ተቻለ፤ ሰኔ ላይ ቢሆን እንኳን እኛ ጥላውም ይሸሻል።

ግን ደግሞ ይህም ነበር። ስንደርስ ወተት ቀረበልን። የባልደረባዬ አባት፣ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፣ ከልጃቸው ጋር ዳጉ ተቀመጡ። አፋር እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ወሬ ይለዋወጣል፤ የት ዘነበ፣ ማን ታመመ፣ መንገዱ ላይ ምን አያችሁ። ባለቤቴ «እኛ የምንመጣውን ከእኛ በፊት ነው የሰሙት» ብላ ገርሟታል። ልጄ ከቤቱ ሴቶች ጋር ተቀምጣ ከዘንባባ ቅጠል ሰሌን መሥራት ለመደች፤ ጠማማ ናት፣ ግን አሁን ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ትንሹ ከልጆቹ ጋር ሄዶ ቆሮሶ ይዞ መጣ፤ «እኔ ነኝ የያዝኩት» ይላል፣ ማን እንደያዘው ግን አልተጣራም። ማታ ደጅ ሰሌን ላይ ተኝተን ኮከብ ስንቆጥር ስልኬ ኔትወርክ እንደሌለው ያወቅሁት በሁለተኛው ቀን ነው።

ተማሪዬ «ከሰው ሁሉ ርቀን» ብላ የጻፈችው ትዝ አለኝ። እኛ ያረፍነው ከሰው ርቀን አይደለም፤ ሰው መሃል ሆነን ነው። ልጆቻችንን የሚያይ ሌላ ሰው ስለነበረ እኔና ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግራችን ወጣ ብለን ሁለት ሰዓት ያህል ብቻችንን አወራን። በሪዞርቱ ሌሊት ልጆቹ ገንዳው ውስጥ እንዳይገቡ ስንጠብቅ ነው ያደርነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

አልፎ አልፎ እዚህ አካባቢ «ሐይቁ ዳር ሪዞርት ቢሠራ» የሚል ወሬ ይነሳል። ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ በገበታ ለሀገር ሲሠሩ ካየን በኋላ «የእኛስ ተራ መቼ ነው?» የሚል ሰው በዝቷል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙዎቻችሁ ተማሪዎቼም ትሉታላችሁ። እኔም ሰው መጥቶ የሚያድርበት ቦታ አፋምቦ ላይ እንዲኖር እፈልጋለሁ። ጭቅጭቄ በአጥሩ ላይ ነው። «ገለል ያለ፣ ጸጥ ያለ ሪዞርት» ሲባል ማን ነው ገለል የሚደረገው? እንግዳው በገንዘቡ ራሱ ይገላል። ያለ ፈቃዱ የሚገለለው ግን ውሃ ዳር የነበረው ሰው ነው። እዚህ ደግሞ ውሃ ዳር ማለት ለፎቶ የሚሆን ቦታ ማለት ብቻ አይደለም፤ በጋ ላይ ከብት የሚጠጣበት፣ የሚግጥበት፣ ነፍስ የሚያተርፍበት ማለት ነው።

ሽማግሌውን በልጃቸው አስተርጓሚነት «እዚህ ሆቴል ቢሠራ ምን ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መልሳቸው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ከብቶቹ በየት በኩል ይወርዳሉ?»

ይህ የሽማግሌ ፍርሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአዋሽ ሸለቆ ታሪክ ይህንኑ ነው የሚናገረው። በ1950ዎቹ የተንዳሆ የጥጥ እርሻ ሲጀመር የተወሰደው ጥሩ ጥሩው የወንዝ ዳር ግጦሽ ነው። በላይኛው በኩል ሌሎች እርሻዎች ተከተሉ። በ1965 እና 66 ድርቁ ሲመጣ ድሮ ሰዉ ከብቱን ይዞ የሚሸሽበት ረግረግ በእርሻ ተይዞ ነበር። ድርቅ ለአፋር አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ የሆነው መሸሻው መጥፋቱ ነው። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም እ.ኤ.አ. በ1966 ሲቋቋም ለእንስሳቱ ጥሩ ነበር፤ ከረዩዎችና አፋሮች ግን በበጋ የሚተማመኑበትን ግጦሽ አጡ፤ ከዚያ የመጣው ጭቅጭቅ ዓመታት ፈጅቷል። ማንም ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል። ካርታው ላይ ቦታው ባዶ ይመስላል። በጋ ላይ ግን ባዶ አይደለም።

እሺ፣ ማልዲቭስስ? ተማሪዬ ስለሄደች ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ያነበብኩት ሐሳቤን አጠናከረልኝ። ወደ 1,200 የሚጠጉ ደሴቶች አሏት፤ ሰው የሚኖርባቸው ወደ 200 ገደማ ናቸው። የመጀመሪያው ሪዞርት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ በኋላ አሠራሩ «አንድ ደሴት፣ አንድ ሪዞርት» ሆነ። ሕዝቡ እንደ አፋር ሙስሊም ነው፤ ሪዞርቱ ላይ መጠጥ ይሸጣል፣ መንደሩ ያለበት ደሴት ላይ አይሸጥም። እንግዳውና ነዋሪው እንዳይነካኩ በባሕር ተለያዩ። ገንዘቡም እዚያው ሪዞርቱ ላይ ቀረ። ለአሥርት ዓመታት አንድ የመንደር ሰው ቤቱን ለቱሪስት ላከራይ ቢል አይፈቀድለትም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 ይህ ተለወጠ። ነዋሪው በራሱ ደሴት የእንግዳ ማረፊያ መክፈት ተፈቀደለት። ዛሬ ማፉሺን በመሳሰሉ ደሴቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ። መጠጥ የለም፣ አለባበሱም ሥርዓት አለው፤ ለዋና የተለየ የባሕር ዳርቻ ከልለዋል። ሰው ግን ሄደ። ሪዞርቱን የማይችለው መምህር፣ ነርስ፣ ተማሪ ሄደ። «መጠጥ ካልተሸጠ ቱሪስት አይመጣም» ለሚሉ ይህ መልስ ይሁን። እኛ ማልዲቭስን እንምሰል ካልን የ1972ቷን ሳይሆን የ2009ኟን እንምሰል።

ደሴት የለንማ ለምትሉኝ ቀልደኞች ደግሞ፣ በሰሜን በኩል በእኛው ክልል አፍዴራ ሐይቅ መሃል ያለችው ፍራንኬቲ ደሴት በዓለም ላይ ካሉ ደሴቶች ሁሉ ዝቅ ብላ የምትገኝ ናት፤ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ወደ ታች። አፍዴራን ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በጨው ብቻ ነው።

ሩቅ አገር ማየትም አያስፈልግም። የወሎ ልጅ ስለሆንኩ መቄትን አውቃለሁ። ከ20 ዓመት በፊት ገደማ የመቄት ገበሬዎች ገደሉ አፋፍ ላይ የአገሩን ጎጆ የመሰሉ ማረፊያዎች ሠርተው፣ ራሳቸው አብስለው፣ ራሳቸው መንገድ መርተው የውጭ አገር እንግዳ ማሳደር ጀመሩ። ገቢው የማኅበረሰቡ ነው። መንዝ ጓሳ ላይም ጓሳውን ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ የኖረው ሕዝብ የራሱ ሎጅ አለው። ሰዉ አልተባረረም፤ እንዲያውም እንግዳው የሚመጣው ሰዉ ያንን ስለጠበቀው ነው። ደጋ ላይ ከተቻለ ቆላ ላይ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ኮሜንት ላይ የሚመጣውን ልቅደመው።

«ቲቸር፣ ኢንቨስተር ካልመጣ ማን ይሠራዋል?» ትላላችሁ። እኔም ኢንቨስተር አይምጣ አላልኩም። ይምጣ፤ ሰመራና አሳይታ ላይ ይሥራ፣ አፋምቦም ይሥራ፤ ግን ከውሃው ራቅ ብሎ፣ የከብቱ መውረጃ ውል ላይ ተጽፎ፣ የጎሳ ሽማግሌዎች ፈርመውበት። እኛ የምንፈልገው ደግሞ መጀመሪያ ያን ያህል ገንዘብ የሚበላ አይደለም። አምስት ስድስት ንጹሕ ደቦይታ፣ አጎበር፣ ደህና ሽንት ቤት (ባለቤቴ ይህን በትልቁ ጻፈው ብላኛለች)፣ የተጣራ ውሃ፣ ውሃው ዳር የዳስ ጥላ፣ ተንሳፋፊ ጃኬት ያላት አንዲት ጀልባ፣ አዞው የት የት እንዳለ የሚያውቅ ልጅ፣ በሰሌዳ የተለጠፈ ዋጋ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሠራ ይበቃል፤ ክረምትማ ሙቀቱ አለ፣ ጎርፉም አለ። በ2012 ክረምት አዋሽ ሞልቶ ይህን አካባቢ ሲያጥለቀልቅ ያየ ሰው ውሃው አፋፍ ላይ ሲሚንቶ አያፈስም። ደቦይታ ግን ተነቅሎ ይጫናል። አፋር ይህን ቤት በከንቱ አልፈለሰፈውም።

«ለኛ ሳይሆን ለፈረንጅ ነው» የምትሉም አላችሁ። አይደለም። እኔ የማስበው መጀመሪያ የሎጊያን ነጋዴ፣ የሰመራን ሠራተኛ፣ የአሳይታን ነርስ ነው። ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን ይዞ የሚሄድበት የሌለው፣ ልጆቹ በስልክ የሰው አገር ውሃ የሚያዩ ስንቱ ነው? ዕረፍት ማለት ሩቅና ውድ ነገር ነው ብለን ስላመንን አጠገባችን ያለውን አናየውም። እኔ ራሴ ዘጠኝ ዓመት አላየሁትም።

ከባዱ ተቃውሞ የመጣው ግን ከኢንቨስተርም ከፌስቡክም አይደለም። ልንመለስ ስንል ለባልደረባዬ አባት ትንሽ ብር ልሰጣቸው ሞከርኩ። ፊታቸው ተቀየረ። ልጃቸው ሲተረጉምልኝ አፍሮ ነበር፤ «እንግዳ ከፍሎ አያድርም ይላል አባቴ» አለኝ። ስኳሩን፣ ሩዙንና ቡናውን ተቀበሉ፤ ብሩን እምቢ አሉ። አሁን እኔ የእንግዳ ማረፊያ ይሠራ ስል ይህንን ባሕል ልሸጠው ነው ወይ? በመንገድ ላይ ስጨነቅበት መጣሁ። ለባልደረባዬ ነገርኩት። «አባቴ ቤት ማንም አይከፍልም። ማኅበሩ ቤት ግን ይከፍላል፤ እሱ የማንም ቤት አይደለማ» አለኝ። ምናልባት መፍትሔው እሱ ነው። የሽማግሌው ቤት የሽማግሌው ሆኖ ይቀር፤ የወጣቱና የሴቶቹ ማኅበር ቤት ደግሞ ሥራ ይሁን። እርግጠኛ አይደለሁም። ከእኔ ይልቅ የአፋር ልጆች የሆናችሁ ተማሪዎቼ ልትወስኑት የሚገባ ነገር ነው፤ እኔ ብዙ ብቆይም እንግዳ ነኝ።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ለምን መሰላችሁ? 12ኛ ክፍል ጨርሳችሁ ውጤት ያልመጣላችሁን ልጆች በየቀኑ አያችኋለሁ። አንዳንዶቻችሁ ጥላ ሥር ትቀመጣላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ጅቡቲ መንገድ ላይ መኪና ትጠብቃላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ባሕር ስለመሻገር ታወራላችሁ። ሐይቁን ደግሞ ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም። ዓሣው የት እንዳለ፣ ወፏ መቼ እንደምትመጣ፣ አዞው የት እንደሚተኛ ታውቃላችሁ። ይህ እውቀት ፈተና ላይ አይመጣም፤ ውጤት አይሰጣችሁም። ማኅበር ቤት ውስጥ ግን ደሞዝ ይሆናል። ሪዞርት በአጥር ቢመጣ የሚደርሳችሁ ሥራ የዚያ ጥበቃ ሥራ እንዳይሆን ነው የምፈራው። ዱላ ይዛችሁ የገዛ ወንድማችሁን ከገዛ ውሃችሁ «ሂድ ከዚህ» የምትሉበት ሥራ።

እና ሐሳቤን ላጠቃልል። አንደኛ፣ ወላጆች፣ ዕረፍት ሲመጣ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ ወዳለው ውሃ ውሰዷቸው፤ አጎበር ያዙ፣ ውሃ ያዙ፣ እንዲዋኙ አትፍቀዱ። ሁለተኛ፣ በወረዳም በክልልም የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ (ታውቃላችሁ፣ ስማችሁን አልጠራም)፣ ስለ ሐይቁ ወረቀት ጠረጴዛችሁ ላይ በመጣ ቀን «ከብቶቹ በየት በኩል ይወርዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። ያንን ጥያቄ የማይመልስ ፕላን ከሆነ አትፈርሙ። ሦስተኛ፣ ማኅበር ለማቋቋም የምታስቡ ልጆች ካላችሁ ማመልከቻውን አብረን እንጽፈዋለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት አለሁ።

ማልዲቭስ ያለሽው ልጄ፣ ፎቶሽ ቆንጆ ነው፣ አላህ ይጨምርልሽ። አገር ስትመጪ ግን ልጅሽን ይዘሽ አፋምቦ ነይ። የኔው ልጅ ሰሌን መሥራት ታስተምረዋለች። ጠማማ ነው የምትሠራው፣ ተናግሬያለሁ።

ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፤ በተለይ የምትቃወሙ።